‹‹ገበሬው የነሱ ነው›› ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን አራት ኪሎ ከአንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን እንደለመድነው አገር ስንሸጥ፣ አገር ስንገዛ ዋልን። ወሬው ዞሮ ዞሮ ምርጫ ላይ ወደቀ። ከመካከላችን ዲግሪ የደራረበ፣ ተንታኝ ነኝ ባይ ወዳጃችን ጉሮሮውን ጠረገና ፈረደ፦ ‹‹ተዉት ባካችሁ! ከተማውን እንደሆነ ማንም ተቃዋሚ ይወስደዋል። ገጠሩ ግን ያው የነሱ ነው። ገበሬ ምን ያውቃል? ለመጣው ሁሉ እጅ ይነሳል፣ የሄደውን ሁሉ ይረግማል።›› በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድም ሰው ‹‹እንዴት ሆኖ?›› ብሎ አልጠየቀም።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝና ማኪያቶው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ‹‹ገበሬው የነሱ ነው›› የምትለውን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። የሚገርመው ግን ሁለት ባላንጣዎች አንድ ላይ የሚዘምሯት መዝሙር መሆኗ ነው። ገዢዎቻችን በኩራት ይሏታል፤ ተቃዋሚዎቻችን በብስጭት ይሏታል። አንዱ ለመግዛት፣ ሌላው ላለመሥራት ምክንያት ያደርጋታል። በመሀል ቤት ገበሬው ራሱ ተጠይቆ አያውቅም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ አንዲት ቀበሌ ልነግራችሁ ነው። ጎጃም ውስጥ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ስሟን ብጠራ ነገ የሚጠየቁት እዚያ ያሉት ዘመዶቼ እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞም ስሟ ምን ያደርግላችኋል? ጤፍና በቆሎ የሚዘራባት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጤና ኬላና ቆርቆሮ የለበሰ አንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያላት ቀበሌ በአገሩ ሞልቷል። እዚያ የሆነው በብዙ ቦታ ሆኗል።

‹‹ቢሮ ገብቼ ሳላውቅ ቢሮክራሲ አሉኝ››

አጎቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበር። ለሹመት የበቃው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠረ ብቻ ነው። የበላው ገንዘብ የለ፣ ያሳሰረው ሰው የለ። መንግሥት ሲለወጥ ደብተሩን አስረክቦ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ።

1989 ዓ.ም. መጣ። በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተባለና ገመድ የያዙ ሰዎች ቀበሌያችን ገቡ። በዚያን ጊዜ የወጣውን ሕግ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር እንዲይዝ ሲፈቀድለት፣ በንጉሡ ዘመን ‹‹የፊውዳል ርዝራዥ››፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ‹‹ቢሮክራሲ›› የተባለው ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። አጎቴ ቢሮክራሲ ሆኖ ተገኘ። ‹‹እኔ ቢሮ ገብቼ አላውቅ፤ እንዴት ነው ቢሮክራሲ የሆንኩት?›› እያለ እስከ ዛሬ ይጠይቃል። መልስ የሰጠው የለም። ከአራት ጥማድ በላይ ያለው ማሳ ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ፤ የተሰጣቸውም ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሳላቸው ሰዎች።

በዚያው ዓመት ከጎጃም ተነስተው አዲስ አበባ ድረስ አቤት ለማለት የመጡትን ገበሬዎች የዚያን ጊዜ የግል ጋዜጦች አንባቢ አይረሳቸውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለገበሬው ብለው ወጥተው ታፍሰዋል። ገበሬዎቹ ግን መሬቱን ሳያስመልሱ ወደ አገራቸው ተሸኙ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የዚያን ዕለት በቀበሌያችን የተከፋፈለው መሬት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ተከፋፍሏል። መሬት የተወሰደበት፣ ‹‹ነገ ደግሞ የቀረችኝን አራት ጥማድ ይወስዷታል›› ብሎ ፈራ። መሬት የተሰጠው፣ ‹‹እነዚህ ሰዎች ቢሄዱ ባለቤቱ መጥቶ ይነቅለኛል›› ብሎ ፈራ። ሁለቱም ቀበሌውን ማየት ጀመሩ። ይህን ያደረገው ዕውቀት ማጣት ነው? አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ ተጽፏል። አዲስ አበባ ያለ የሕግ ምሁር ይህን አንቀጽ በፍልስፍና ይተነትነዋል። ገበሬው ግን አንቀጹን የሚያውቀው በሰው መልክ ነው፤ አንቀጽ 40 ማለት ለእሱ ገመዱን የያዘው የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው።

በሬውን የመረጠው ሰው

በ2007ቱ ምርጫ ማግስት ለአንድ ተዝካር ወደ አገር ቤት ሄጄ ነበር። ጠላው ሞቅ ሲያደርገን አጎቴን ጠየቅሁት።

‹‹ጋሼ፣ ለመሆኑ ማንን መረጡ?››

ግራ ቀኙን አየ። በአጠገባችን የሚያልፍ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ ‹‹በሬዎቼን መረጥኩ›› አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ‹‹አንተ ልጅ፣ ከተማ ስትኖር ረስተኸዋል እንጂ ነገሩ ሌላ አይደለም። ማዳበሪያውን ማን ይሰጠኛል? ቀበሌ። የመሬቱን ደብተር ማን ይጽፍልኛል? ቀበሌ። ልጄ ሥራ ልትቀጠር ብትፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ ማን ይሰጣታል? ቀበሌ። ከጎረቤቴ በወሰን ብጣላ ማን ይፈርዳል? ቀበሌ። ቀበሌው ደግሞ ንብ ነው። ታዲያ እኔ ንብን ብቃወም በሬዎቼ ምን ይበላሉ?››

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ትንታኔ ከየት ይመጣል? ዲግሪ የደራረበው ወዳጄ በሻይ ቤት የዘላበደውን ያህል ቢያወራ አንዷን የአጎቴን ዓረፍተ ነገር አያህልም። ሰውዬው የሚወደውን ፓርቲ አልነገረኝም። የነገረኝ ምን ቢያጣ እንደሚሞት ነው። ካርዱ የፍቅር ደብዳቤ አይደለም፤ የዓመቱ ግብር ደረሰኝ ነው። ገዢዎቻችን ግን ደረሰኙን ሰብስበው ‹‹ይኸው ሕዝቡ ይወደናል!›› ብለው ያውጁበታል።

የማዳበሪያውን ነገር እንዲሁ በቀላሉ አትዩት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለገበሬው ሲታደል፣ ለብድሩ ዋስ የሆነው የክልል መንግሥት ነበር፤ አዳዩም ሰብሳቢውም የመንግሥት ሰው ነበር። ዕዳውን መክፈል ያቃተው በሬው የተሸጠበት፣ ራሱም የታሰረበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ገበሬ አበዳሪው፣ አስገባሪው፣ ዳኛውና ተወዳዳሪው አንድ ሰው መሆኑን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም።

ወሎና ሌሎች ዝናብ አጠር ወረዳዎች ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት የሚባል ነገር አለ። የረሃብተኛው ዝርዝር የሚወጣው በቀበሌ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ዘገባ፣ እርዳታና የመንግሥት አገልግሎት ተቃዋሚን ለመቅጣት፣ ደጋፊን ለመሸለም እየዋለ ነው ብሎ ነበር። መንግሥት ‹‹ውሸት ነው!›› አለ፤ ለጋሾቹም ‹‹እንዲህ ያለ ሰፊ ነገር አላየንም›› ብለው አለፉት። ለነገሩ ከመኪና ሳይወርዱ ምን ሊያዩ ኖሯል?

ምስጢር በትንሽ መንደር

‹‹ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው፤ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ የፈለገውን ቢመርጥ ማን ያየዋል?›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ሕጉም እንዲህ ይላል። የትንሽ መንደርን የሂሳብ ስሌት ግን ሕግ አውጪዎቹ አያውቁትም፤ ወይም አሳምረው ያውቁታል።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ የምርጫ ጣቢያ ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መራጭ ይኖረዋል። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ላይ ይካሄዳል። ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። በከተማ ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ማጭበርበርን ይከላከላል፤ በ1997 አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ በየጣቢያው በር ቆሞ የተለጠፈውን ሲያነብ ያደረው ሕዝብ ይመሰክራል። በእኛ ቀበሌ ግን ያው ወረቀት ሌላ ሥራ ይሠራል። እንበልና በአንዱ ጎጥ ጣቢያ ሃያ ሰው ተቃዋሚን መረጠ። ሃያው እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ ያሻል? አያሻም! በ1989 መሬት የተወሰደባቸው እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። የማዳበሪያ ዕዳ ክፈሉ ሲባሉ ያጉረመረሙት ይታወቃሉ። ከአዲስ አበባ ልጁ ጋዜጣ የላከለት ሰው ይታወቃል። ማታ በጠላ ቤት ስሞቹ ይደረደራሉ፤ ሲቆጠሩ ሃያ ይሞላሉ። ካልሞሉ ይሞላሉ! አንዳንዱ ያልመረጠውን መርጠሃል ተብሎ ይጠመዳል።

ስለዚህ ገበሬው የሚፈራው መጋረጃውን ቀዶ የሚያይ ዓይን አይደለም። የሚፈራው ድምሩን ነው። ከተሜው ከሚሊዮን መሀል ይደበቃል፤ የገጠር ሰው ከሦስት መቶ አባወራ መሀል የት ይደበቅ? ሁሉም አንድ ላይ ‹‹እምቢ›› ካላለ በስተቀር፣ ለብቻ እምቢ ማለት ራስን ለጅብ መስጠት ነው።

አንድ ላይ እምቢ ያሉበት ጊዜ

ታዲያ አንድ ላይ እምቢ ብለው አያውቁም? ‹‹ገበሬ ለመጣው ሁሉ እጅ ይነሳል›› ያለው ወዳጄ ታሪክ ቢያነብ ኖሮ አፉን በያዘ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አምጣ፣ መሬትህም ይለካ ሲለው ‹‹አላስለካም›› ብሎ መሣሪያ ያነሳው ማን ነበር? የጎጃም ገበሬ አይደለም? ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ከቦታቸው ተነሱ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። በዚያን ጊዜ የምርጫ ካርድ ትርጉም ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ።

የካርዱንም ነገር ካነሳን፣ በ1992 የሃዲያ ገጠር ዶክተር በየነ ጴጥሮስ ይመሩት የነበረውን ድርጅት መርጦ ገዢውን ፓርቲ አሸንፏል። ጥይት ተተኩሶበት፣ ሰው ሞቶበት ነው ያሸነፈው። በ1997 ከወለጋ ገጠር አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ይመሩት የነበረው ድርጅት ወንበር ይዞ ፓርላማ ገብቷል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር ጠቅልሎ መውሰዱን ሁሉም ያወራል፤ ነገር ግን በጠቅላላ ካገኘው ከመቶ በላይ ወንበር አብዛኛው ከአዲስ አበባ ውጪ መሆኑን፣ ከአማራ ክልልም ብዙ የገበሬ ወረዳ እንደወሰደ ለምን ይረሳል? ያን የመረጡት ገበሬዎች ‹‹የነሱ›› ነበሩ እንዴ?

የኛ ቀበሌም ያን ዕለት ጉድ አሳይታለች። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ጀምሮ ሰልፉ ቆመ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ በትር የተመረኮዙ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ በፊት ‹‹ምርጫ የወንድ ነው›› ይባሉ የነበሩ ሴቶች ሁሉ ወጡ። ማታ ሲቆጠር ሁለቱ ጣት ንቧን በለጣት። እልልታ ግን አልተሰማም። አጎቴ እንደነገረኝ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ‹‹እርስ በርስ ተያየን፤ ‘አንተም? አንተም እንዴ?’ ተባባልን በዓይናችን›› አለኝ።

ለምን እንደዚያ ደፈሩ? በሬዲዮና በቴሌቪዥን ክርክሩን ሰምተው፣ ‹‹መንግሥት ሊለወጥ ነው›› ብለው ስላመኑ ነው። በገበሬው ቋንቋ መንግሥት ማለት ፓርቲ አይደለም፤ የወጣ ፀሐይ ነው። ሁለት ፀሐይ የወጣ በመሰለው ቀን፣ ልቡ ወደ ወደደው ዞረ። ያኔ ነው እውነተኛ ድምፁ የተሰማው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሰማነው የፍርሃቱን ድምፅ ነው።

በክረምቱ ግን ሂሳቡ ተወራረደ። የቅንጅት ታዛቢ ሆነው የተቀመጡት ሁለት ጎረምሶች አገር ለቀው ጠፉ። ማዳበሪያ ሲታደል የአንዳንዱ ስም ከዝርዝሩ ‹‹ተዘለለ››። ለአቤቱታ ሲሄዱ፣ ‹‹የመረጥከው ይስጥህ›› ተባሉ። አዲስ አበባ ላይ የመረጧቸው ሰዎች ደግሞ እስር ቤት ነበሩ። ማን ይስጣቸው?

ከ327 ወደ 547

ገዢው ፓርቲ ከ1997 ትምህርት ወስዷል። ይህን መካድ አይቻልም። ተቃዋሚው ግን አልወሰደም።

ኢህአዴግ ምን አደረገ? በመጀመሪያ የአባላቱን ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ከነበረበት በሦስት ዓመት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ አደረሰው። የቀበሌ ምክር ቤት አባላትን ከአስራ አምስት እስከ 300 ከፍ አደረገ። ልብ በሉ፣ አንድ ቀበሌ ላይ 300 ተመራጭ ማለት በየአጥሩ አንድ የመንግሥት ሰው ማለት ነው! በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ለእነዚህ ወንበሮች ምርጫ ሲደረግ በአገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወንበር ለውድድር ቀረበ፤ ተቃዋሚው ያገኘው በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያም የልማት ቡድን፣ ከዚያም አንድ ለአምስት መጣ። በአምስት አባወራ ላይ አንድ ጠርናፊ ተሾመ። ማዳበሪያ የሚወራውም፣ እርከን ሥራ የሚወጣውም፣ ምርጫ የሚኬደውም በዚያው ገመድ ታስሮ ሆነ።

ውጤቱ? በ1997 ኢህአዴግ ከ547 ወንበር 327 ይዞ ነበር። በ2002 እሱና አጋሮቹ 545 ወሰዱ። በ2007 ደግሞ ሁለቷም ቀርታ 547ቱንም ጠቀለሉ። መቶ በመቶ! እንግዲህ ንገሩኝ፤ በ1997 ‹‹በቃኝ›› ብሎ የወጣው ገበሬ በአምስት ዓመት ውስጥ በፍቅር ነው የወደቀው? ቤተሰብ እንኳ በአንድ ወጥ ጨው ላይ መቶ በመቶ አይስማማም። መቶ በመቶ የሚስማማው እስረኛ ብቻ ነው፤ በር ሲከፈት ሁሉም መውጣት ስለሚፈልግ!

ደግሞም የመቶ በመቶው ውጤት በወጣ በዓመቱ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በኦሮሚያና በአማራ አገሩ በተቃውሞ ተቀጣጠለ። መቶ በመቶ የመረጠ ሕዝብ በዓመቱ መንገድ ይዘጋል? ምርጫው ውሸት ነበር፣ ወይ ተቃውሞው ውሸት ነበር። ጥይት የተተኮሰበት ተቃውሞው ነውና የቱ እውነት እንደነበር ለመረዳት አይከብድም።

ሰርገኛ መጣ…

እስካሁን ያነበባችሁ ተቃዋሚዎች ‹‹እሰይ! በለው!›› እያላችሁ ሳይሆን አይቀርም። ቆዩ፤ ተራው የናንተ ነው።

ለብዙዎቹ ፖለቲከኞቻችን ጎጃም ማለት መርካቶ ያለው ጎጃም በረንዳ ነው። የፓርቲ ቢሯቸው አስፋልቱ ካለቀበት አያልፍም። ምርጫ ሁለት ወር ሲቀረው ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆንና፣ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው፣ አቧራ አስነስተው ገበያ መሀል ይቆማሉ። ‹‹የሕግ የበላይነት፣ የሥልጣን ክፍፍል፣ ነፃ ገበያ…›› ይላሉ። ገበሬው ያዳምጣል፤ ጨዋ ነውና ያጨበጭባል። መኪናዋ ትሄዳለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን አይሄድም! ማታ ያጨበጨበውን ሊጠይቅ እዚያው ያድራል።

የመሬትን ጉዳይ ያየን እንደሆነማ ጭራሽ ያሳፍራል። በ1997 ቅንጅት ‹‹መሬት የግል ይሁን›› አለ። ጥሩ። ኢህአዴግ ወዲያው ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ፣ ‹‹እነዚህ ባላባቱን ሊመልሱ ነው፤ መሬትህ ተሽጦ ልጆችህ ለማኝ ሊሆኑ ነው›› ብሎ ሰበከ። ተቃዋሚው ለዚህ ምን መልስ ሰጠ? አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ በጥናታዊ ጽሑፍ መለሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ከጭሰኝነት ያወጣቸው አባቶችና ልጆቻቸው ያሉበትን አገር ማነጋገር የሚቻለው እሳት ዳር ተቀምጦ ነው። ‹‹የተሰጠህን ማንም አይነቅልህም፤ የተወሰደብህም ካሳ ታገኛለህ›› ብሎ በአማርኛ የነገራቸው ማን አለ?

በሚያዝያ 2005ቱ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ደግሞ 33 ፓርቲዎች ‹‹አንሳተፍም›› ብለው ወጡ። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። ግን ለገበሬው ከፓርላማ ይልቅ የምትቀርበው ቀበሌ መሆኗን ረስተው፣ እሷን ለባለቤቷ መርቀው ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ሲሸነፉ ‹‹ገበሬው የነሱ ነው›› ይላሉ። አብዬን ወደ እምዬ! ገበሬውን ብቻውን ጥላችሁት የሄዳችሁት እናንተ፣ የሚወቀሰው እሱ!

ንቧ ሄደች፣ አምፖሉ በራ

በ2012 ኢህአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ተተካ። ንቧ ሄዳ አምፖሉ መጣ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ብልጽግና 410 ወንበር ወሰደ፤ ተቃዋሚዎች ሁሉ ተደምረው ያገኙት 11 ነበር። አጎቴ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹‹ሰውዬው ያው ነው፤ ኮፍያውን ቀየረ።›› የቀበሌያችንን አመራር ነው የሚለው። ትናንት በንቧ ማህተም የጻፈልን በአምፖሉ ማህተም ይጽፍልናል ማለቱ ነው። ከ2005 በኋላ በ2010 መካሄድ የነበረበት የቀበሌ ምርጫም ‹‹ተላልፏል›› ተባለ። ታዲያ ለገበሬው ትልቁ ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ማን መርጦት ነው የተቀመጠው?

የሆነውን አየን። በሰኔ 2015 ከጎጃም ወረዳዎች የተነሱ ገበሬዎች ‹‹ማዳበሪያ አጣን፣ ዝናቡ ሊያልፍብን ነው›› ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኹ። ሁለት ወር ሳይሞላ አማራ ክልል በጦርነት ተናጠ፤ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጦርነቱ አንድ ምክንያት ብቻ አለው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ግን አንድ ነገር እላለሁ፦ የካርዱ ድምፅ ካልተሰማ የጥይቱ ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። በ1960 ያየነው ይኸንኑ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሄደን ሄደን እዚያው!

እንግዲህ ምን ይሁን?

አንደኛ፣ ማዳበሪያ የሚያድለው፣ የመሬት ደብተር የሚይዘው፣ የረሃብተኛ ዝርዝር የሚያወጣው ሰው የፓርቲ ሹም መሆኑ ይቅር። ይህ እስካልተለየ ድረስ መቶ ዓለም አቀፍ ታዛቢ ቢመጣ ፋይዳ የለውም። ታዛቢው የሚያየው ሳጥኑን ነው፤ ምርጫው ግን ያለቀው ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ሲታደል ነው።

ሁለተኛ፣ በትናንሽ የገጠር ጣቢያዎች ወረቀቱ ለየብቻ ተቆጥሮ ከሚለጠፍ፣ የጥቂት ጣቢያዎች ሳጥን በታዛቢ ፊት ተደባልቆ ይቆጠር። ሃያው ሰው ከብዙ ሺህ መሀል ይደበቅ። ሳጥን ሲጓዝ ይሰረቃል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ታዛቢው አብሮ ይጓዝ! የገበሬው አንገት ከወረቀቱ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የቀበሌ ምርጫ ከፓርላማ ምርጫ እኩል ይከበር። ዴሞክራሲን ከጣሪያ የሚጀምር ግንበኛ የትም አላየንም።

አራተኛ፣ ተቃዋሚ ነን የምትሉ፣ ከምርጫ በኋላ ባለው ክረምት ገጠር ታዩ። በሰርግ ሳይሆን በለቅሶ ቀን ድረሱ። ስሙ ከማዳበሪያ ዝርዝር የተዘለለ አንድ ገበሬ ቢገኝ ጠበቃ ይዛችሁ ፍርድ ቤት ቁሙለት። ያን ጊዜ ‹‹የነማን›› እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

ለሻይ ቤቱ ወዳጄ ግን አንድ መልእክት አለኝ። ካገር ቤት ልሰናበት ስል አጎቴ እጄን ይዞ እንዲህ አለኝ፦ ‹‹ልጄ፣ ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ አባቶች። እኛ የተከልነው አንድ ባላ ብቻ ነው፤ እሱም የነሱ ነው። ሁለተኛውን ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ በዚሁ ተንጠልጥለን እንቆያለን። መንጠልጠል ግን መውደድ አይደለም።››

መንጠልጠል መውደድ አይደለም! አራት ኪሎ ያላችሁ፣ በቤተ መንግሥቱም በሻይ ቤቱም ያላችሁ፣ ሰምታችኋል? ገበሬው የነሱም አይደለም፣ የናንተም አይደለም። ገበሬው የራሱ ነው። ይህን ያልተረዳ በሚቀጥለውም ምርጫ የሚቆጥረው ድምፅ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን።